የአደይ ዘቢብ ነጭ ቀሚስ

የሰፈራችን የጥራቮሎ ሰው አባቴ ምን ሲያቀልም እንደሰነበተ ማወቅ ከፈለገ እጁን ነበር የሚያየው። ሰማያዊ ከሆነ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ቡናማ ከሆነ የሆነ ሰው አሮጌ ካፖርት ሊታደስ ነው። ጥቁር ከሆነ ደግሞ የሆነ ቤት ለቅሶ አለ። ጓንት ነበረው፤ ግን ሲያጠልቀው አንድም ቀን አላየሁም። ጨርቅ በጓንት አይታወቅም ይል ነበር። እናቴ ከዲጃ ግን «ይሄ ሰውዬ እንጀራውን በየቀኑ በሌላ ቀለም ይበላል» እያለች ትስቅበታለች።

አባቴ ኢንድሪስ የሐይቅ ሰው ነው፣ ወሎዬ። አስመራ የመጣው ገና ጢም ሳያወጣ አጎቱን ተከትሎ ሲሆን፣ ማቅለምን የተማረው ከአንድ ሽማግሌ የመናዊ ነው። ቤታችን ጥራቮሎ ውስጥ ጥንት የማኪና ጋራዥ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ከፊት በኩል መንገድ ላይ የምትከፈተው ክፍል ሱቁ፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች መኖሪያችን፣ በመካከል ያለው ግቢ ደግሞ ከወገባቸው የተቆረጡ ሁለት በርሜሎች በጡብ ምድጃ ላይ የተጣዱበት የአባቴ መንግሥት ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ነጻነት በመጣ በዓመቱ፣ እኔ አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ ልብስ እንደልብ አይገኝም፤ ሰው ያለውን እያስቀለመ ይለብስ ነበር። ተሸንፎ የወጣው ጦር ጥሎት የሄደው ካኪ ሱሪ እኛ ግቢ ገብቶ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ብርድ ልብሱ ገብቶ የልጅ ካፖርት የሚሆን ቡናማ ጨርቅ ይወጣዋል። ከጎናችን ይኖሩ የነበሩት የወታደር ቤተሰቦች ግን ሄደዋል። አንድ ጠዋት ስነሳ በራቸው በሽቦ ታስሮ አገኘሁት። ለምን እነሱ ሄደው እኛ እንደቀረን ስጠይቅ እናቴ «አባትሽ ሥራ አለው፣ ሰው ይፈልገዋል» አለችኝ። እኔም ነገሩን በራሴ ሚዛን መዝኜ አስቀመጥኩት፦ ሥራ የሚችል ይቀራል፣ የማይችል ይሄዳል። ጉዳዩ እንደዚያ አለመሆኑን የተረዳሁት ከሰባት ዓመት በኋላ፣ አባቴ ሁሉንም ቀለም አሳምሮ እየቻለ አዲስ ጦርነት ተነስቶ እኛም ሻንጣ ስንጭን ነው። ያኔ ግን በሚዛኔ እምነት ነበረኝ።

አደይ ዘቢብ ከመንገዱ ማዶ፣ ከኛ ፊት ለፊት የሚኖሩ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «አደይ»፣ እናቴ፣ ይላቸው ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ሃብተጽዮን ይባላል። ቃሓውታ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ስፌት ሲማር ቆይቶ፣ ከነጻነቱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ሜዳ፣ ወደ ትግሉ ወጥቷል። እኔ ትዝ የሚለኝ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ሲሮጥ ብቻ ነው። ከተማው ነጻ ሲወጣ የሰው ልጆች ተመለሱ፤ አንዳንዱ በአንድ እግሩ፣ አንዳንዱ ሚስትና ልጅ ይዞ። ሃብተጽዮን አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወሬም አልመጣም።

በመስከረም አደይ ዘቢብ አንድ ነጭ የጥጥ ቀሚስ አጣጥፈው ይዘው መጡ። ልጃቸው ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ለፋሲካ ብሎ በእጁ የሰፋላቸው ነው። እኔ ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

«ኢንድሪስ ወደይ፣ ይህችን ጥቁር አድርግልኝ» አሉ። «ወደይ» ልጄ ማለታቸው ነው።

አባቴ ቀሚሱን ተቀብሎ ብዙ አየው። «ወሬ አለ እንዴ፣ አደይ?»

«የለም። ግን ሰው ሁሉ ያየኛል። ነጭ ለብሼ ስወጣ ያየኛል።»

«እሺ። ቅዳሜ ይምጡ።»

ቅዳሜ መጡ። ከመንገዱ ሲሻገሩ ጀምሮ የሚያዩት የአባቴን እጅ ነበር። በዚያ ሳምንት እጁ አረንጓዴ ነበር። በሩ ላይ ቆም ብለው «ደርሳለች?» አሉ።

«ምን ትደርሳለች አደይ! ጥቁሩ ቀለም አልቆብኝ።»

«ሕራይ፣ እሺ» አሉና ገብተው ተቀመጡ። ሻሂ ጠጡ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አወሩ፣ ጉንጬን ቆንጥጠው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጨቱ እርጥብ ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ በርሜሉ አፈሰሰ። ከዚያ ደግሞ ቦቴው ያመጣው ውሃ ለጥቁር የማይሆን ውሃ ሆነ። እሳቸው በየሳምንቱ የአባቴን እጅ እያዩ ይገባሉ፣ «ሕራይ» ይላሉ፣ ሻሂያቸውን ጠጥተው ከመጡበት ይልቅ ቀለል ብለው ይወጣሉ። ትዕግሥተኛ ሴት ናቸው ብዬ አደንቃቸው ነበር።

የገረመኝ ሌላ ነው። አባቴ ጥቁር ማቅለም ጨርሶ ተወ። በዚያ ዓመት ደግሞ ጥቁር የሚያስቀልመው ሰው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሻርፕ፣ ቀሚስ፣ ነጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ግን «ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ኢብሮ አለላችሁ፤ ከኔ የተሻለ ያጠቁራል» እያለ ወደ ጓደኛው ይልካቸዋል። ሥራውን በሙሉ እንዲህ ለሰው ሲሰጥ እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፦ አባቴ ጥቁር ጠፍቶበታል። ያውቀው ነበር፤ ረሳው። ሰው ግጥም በቃሉ ይዞ እንደሚረሳው።

ኣበበች የምትባል ጥግ ላይ ትንሽ ባር ያላት ሴት ነበረች፤ ሁሉን ነገር በቀልድ የምትናገር፣ ድምፅዋ ከፌርማታው የሚሰማ። አንድ ቀን ሰማያዊ የተደረገላትን ካፖርት ገልብጣ እያየች «ኢንድሪስ፣ ክሩን ረስተኸዋል! ጨርቁ ሰማያዊ፣ ስፌቱ ነጭ። ጥርስ አበቀልክለት እኮ!» አለች።

«ክሩ ናይለን ነው» አለ አባቴ። «ናይለን የኔን ቀለም አይቀበልም። ብትቀቅይው፣ ብትለምኚው አይቀበልም።»

«ያቺ የዘቢብ ቀሚስስ? እሷም ናይለን ናት? ስድስት ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ! ጥቁር አቃተህ እንዴ?»

አባቴ ቀና ብሎ አያት። «አዎ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አቃተኝ።»

ኣበበች መደርደሪያውን አየች፣ ከዚያ እሱን። ካፖርቷን አጣጥፋ፣ ሳትቀልድ ወጣች። ንቃው ነው ብዬ አሰብኩ። በሽቦ የታሰረው የጎረቤታችን በር ታየኝ።

ሳይንስ የሚያስተምረን መምህር መብራህቶም ነበር። ትምህርቱ በትግርኛ ሆኗል፤ እሱ ግን ራሱ ሳይንስን የተማረው በአማርኛ ስለነበር በትግርኛ ሲያስረዳ ቃል እየፈለገ ይቆማል፣ በአማርኛ ሲሆን ይሮጣል። ክፍሉ ውስጥ የወሎ ልጆች እኔና ሙዓዝ ብቻ ነበርን። ትግርኛውን አሳምረን እንሰማለን፤ እሱ ግን በእኛ አሳቦ ሁሉንም ነገር አንድ ጊዜ በአማርኛ ይደግመዋል። ለእኛ ሳይሆን ለራሱ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ብርጭቆ፣ ጨው፣ ማንኪያና ሻማ ይዞ መጣ። ጨዉን ውሃ ውስጥ ጨምሮ አማሰለው። «ጨው የት ሄደ?»

«ጠፋ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ቅመሱት።» ቀመስነው። ከዚያ ከውሃው ትንሽ በማንኪያ ወስዶ ሻማው ላይ ያዘው። ውሃው ተንጫጫ፣ ደረቀ፣ ማንኪያው ላይ ነጭ ክብ ነገር ቀረ። «ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። ተደብቆ ነበር። ይህ የሚመለስ ለውጥ ነው።» ቀጥሎ ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀዶ አቃጠለው። አመዱን መዳፉ ላይ አድርጎ ዞረ። «ይህንንስ ማን ወረቀት ያደርግልኛል?» አመዱን እፍ አለው። «ይህ የማይመለስ ነው። አዲስ ነገር ሆኗል። በሉ እቤታችሁ ሂዱና የምታዩትን ሁሉ ለዩ፤ የትኛው ይመለሳል፣ የትኛው አይመለስም።»

እንደዚያ የወደድኩት የቤት ሥራ በዕድሜዬ የለም። ሳምንቱን በሙሉ ዓለምን ለሁለት ስከፍል ከረምኩ። የኣበበች ባር በረዶ ይመለሳል። የቀለጠ ቅቤ ይመለሳል። የተቀቀለ እንቁላል አይመለስም። የዛገ ምስማር በአሸዋ ፈትጌ ሞክሬው ነበር፤ ሳነሳው ቀጥኗል፣ ስለዚህ አይመለስም። እርጎ ወተት ይሆን እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ሙሉ ስንጠው ዋልኩና ተቆጡኝ። የእናቴ ቁጣ ይመለሳል፤ ሻሂ ይበቃዋል። እጇ ላይ ያለውን ሂና አሳይቼ «ይሄስ ይመለሳል?» ብላት፣ መዳፏን ገልብጣ አይታ «ሂና አይመለስም፣ ያልፋል እንጂ» አለችኝ። ለዚህ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ።

ቀለም ላይ ስደርስ ግን ተሰናከልኩ። መምህር መብራህቶምን ጠየቅሁት። ራሱን አከከ። «አባትሽ ሲነክር ጨው ይጨምራል አይደል?»

«ይጨምራል። ብዙ።»

«እንግዲህ... አላውቅም፣ ዘሚራ። አባትሽን ጠይቂውና ለኔም ንገሪኝ።»

አባቴ ቀይ ጨርቅ እየጨመቀ ነበር። «አባ፣ ቀለም ይመለሳል?»

«እንደ ቀለሙ ነው። እንደ ጨርቁም ነው። እንደ ውሃውም ነው።»

«ጥቁርስ?»

እጁ ቆመ። «ጥቁር ላይ አይቸኮልም» አለና ጨርቁን ጨመቀው።

አላወቀውም አልኩ በልቤ። እንግዲያው እኔው ልወቀው። ማስረጃዎቼን ሰበሰብኩ። ጨው ይመለሳል፤ ቀለም ደግሞ ከጨው ጋር ነው የሚፈላው። እናቴ የሸሚዜን ኮሌታ ቀለም ሲነካው በበረኪና ታስለቅቀዋለች። ስለዚህ ቀለም ጨርቅ ውስጥ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም፣ ሲፈለግ ይወጣል። የሚመለስ ለውጥ። የሚመለስ ነገር ደግሞ ምን ያስፈራል? ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ቀለም በሚመረመርበት ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ከዚያ ድምዳሜ ውስጥ አንድም ትክክለኛ ነገር የለም። ግን ለአሥር ዓመት ልጅ በጣም የሚያምር ስህተት ነበር፤ አሁንም ሳስበው ትንሽ እኮራበታለሁ።

አርብ ቀን አባቴ ለጁምዓ ሄደ፤ እናቴም አራስ ልትጠይቅ ወጣች። እኔ ከሰዓት ትምህርት አልነበረኝም። ምድጃው ውስጥ የጠዋቱ ፍም ገና አልሞተም። ትልቁን ድስት ጣድኩ። ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ አቧራ የጠጣችውን የጥቁር ቀለም ቆርቆሮ በወንበር ወጥቼ አወረድኩ። ስከፍታት ግን ውስጧ ያለው ዱቄት ጥቁር አልነበረም። ቡናማም አረንጓዴም የሚመስል፣ ምንም የማይስብ ዱቄት ነው። ጥቂት ሙቅ ውሃ ጠብ ባደርግበት ሐምራዊ ሆኖ ተከፈተ፣ ከዳሩ ሰማያዊ ወጣው፣ ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ጠቆሩ። ጥቁር ውስጥ ይህ ሁሉ አለ ብሎ ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ሁሉንም እንደ አባቴ አደረግሁ። ቀሚሱን አስቀድሜ በንጹሕ ውሃ አራስኩት፤ ደረቅ ጨርቅ ቀለም ሲነካው ይዥጎረጎራል። ቀለሙን በጨርቅ አጠለልኩ። ጨዉን ለሦስት ከፍዬ እያሰለስኩ ጨመርኩ። ሳላቋርጥ አማሰልኩ። ቀሚሱ መጀመሪያ የአመድ፣ ቀጥሎ የአይጥ፣ ቀጥሎ የዝናብ ደመና ቀለም ያዘ። ዱላው ሲያቅተኝ፣ ውሃው በረድ ሲል በእጄ ገባሁበት። ሳወጣው ጥቁር ነበር። አጥቤ ገመዱ ላይ ሰቀልኩትና ቁጭ ብዬ አባቴን ጠበቅሁ። እንደዚያ ቀን ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

አባቴ በነጭ ጀለቢያው ገባ። ቀሚሱን አየ። ከዚያ እስከ አንጓዬ የጠቆረ እጄን አየ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። የተገለበጠው በርሜል ላይ ተቀመጠ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ጥቁር አቅቶታል ይሉሃል እኮ፣ አባ። ይኸው አላቃተንም። አሁን አንሄድም።»

አፍጥጦ አየኝ። «ነገ ቅዳሜ ነው» አለ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሱ። «ያ አላህ፣ ነገ ቅዳሜ ነው።»

«ካልፈለጉት ይመለሳል። ጨው አለበት።»

አልሰማኝም። ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት ተመለከተ፤ ተመለሰ። እናቴ ስትገባ ወደ ክፍል ይዟት ገባና በሩን ገፋ አደረገ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አብሽር» ትለዋለች እናቴ፣ «ሌላ ነጭ እናሰፋላቸዋለን።»

«የልጁ ስፌት ነው ከዲጃ! ከየት ይሰፋል? ስድስት ወር ሙሉ እጄን ደብቄ... ነገ መጥተው ሲያዩት፣ ልጅዎ ሞቷል ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀሚሱ ነጭ ሆኖ መገኘት አለበት። ልጅ መሞቱ የት እንደገባ አልገባኝም። ቀሚስ ሲጠቁር ሰው ይሞታል እንዴ? አሁን ይህን ስጽፍ ግን ይገባኛል። አደይ ዘቢብ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ቀሚሱን ለማጥቆር ሰጥተዋል፤ ልባቸው እንዳይቆርጥ ደግሞ በየቅዳሜው «አልደረሰም» መባል ይፈልጋሉ። አባቴ ይህንን ሳይነጋገሩ ተረድቶላቸዋል። የሱቁን ግማሽ ሥራ ለኢብሮ ያሳለፈው፣ እሳቸው ሲገቡ ጥፍሩ ሥር እንኳ ጥቁር እንዳያዩ ነው። እኔ ጥቁር ጠፋበት ያልኩት ያንን ነው።

ወደ ግቢው ሮጥኩ። የበረኪናውን ጠርሙስ አነሳሁና ሳፋ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ቀሚሱንም ከተትኩት። ጥቁሩ ወዲያው መሸሽ ጀመረ። «ተመለሰ!» ብዬ ለመጮህ አፌን ስከፍት፣ የሚመጣው ነገር ነጭ አለመሆኑን አየሁ። ቡናማ መጣ፣ ከዚያ የሸክላ ጡብ ቀለም፣ ከዚያ ልክ እንደዚያ እንደፈተግሁት ምስማር ዝገት። እዚያው ላይ ቆመ። ሌላ በረኪና ጨመርኩ። ሽታው አፍንጫዬን ጠበሰኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ። አባቴ ሽታው ጠርቶት ደርሶ ቀሚሱን ከእጄ መነጨቀኝና በሦስት ውሃ አጠበው፣ ኮምጣጤ ባለበት ውሃም ነከረው። «ጨርቁን ራሱን ሊበላው ነበር» ይል ነበር እያለከለከ።

በረኪና ቀለምን ከተደበቀበት አያወጣውም፤ ይሰብረዋል። የተሰበረ ቀለም ደግሞ ወደነበረበት አይሄድም፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ለመምህር መብራህቶም ልነግረው የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር፤ ያኔ ግን ስሙን አላውቀውም። ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ከአመዱ ወረቀት የሚሠራ ሰው እንደሌለ በእጄ አየሁት፣ አለቀስኩም።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከጓዳ እንዳልወጣ አዘዘችኝ። እጄን በሎሚ፣ በአመድ፣ በድንጋይ ፈትጋዋለች፤ አልለቀቀም። የአደይ ዘቢብን ድምፅ ስሰማ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። በመጋረጃው ጥግ ወጣሁ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው የአባቴን እጅ እያዩ ነበር። ሰማያዊ ነው። ትከሻቸው ሲረግብ አየሁ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። እጄን ከጀርባዬ አደረግሁ፤ ረፍዶ ነበር።

«ጓለይ፣ ልጄ» አሉ፣ «እጅሽ።»

አወጣሁት። አደይ ዘቢብ በርጩማዋን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አደይ» አለ አባቴ። «ልጅ ናት። እኔ ነኝ መቆለፍ የነበረብኝ።»

«ቀሚሷን አምጣት።»

አባቴ ቀሚሱን አምጥቶ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። ዘረጉት። ብርሃን ላይ ያዙት። «ጸሊም ኣይኮነትን» አሉ፤ ጥቁር አይደለችም ማለታቸው ነው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ? ለምን?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጨዉን፣ ማንኪያውን፣ ቆርቆሮዋን፣ በረኪናውን። «የሚመለስ መስሎኝ ነው» አልኩ፣ «ይመለሳል ብዬ ነው የነከርኩት።» እሳቸው ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። ጣታቸው በቀሚሱ ጎን ስፌቱን እየተከተለ ይወርድ ነበር፤ ከብብት እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ታች እጥፋት። የቀሚሱን ጉዳት እየመረመሩ ነው ብዬ ተሸማቀቅሁ። ጣታቸው እጥፋቱ ላይ አንድ ቦታ ደርሶ ቆመ። አጎንብሰው አዩት። ከዚያ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ዓይናቸውም እየፈሰሰ ነበር።

«የቐንየለይ፣ ጓለይ» አሉኝ። አመሰግናለሁ አሉኝ! ቀሚሱን ጠቅልለው፣ ሻሂ ሳይጠጡ ሄዱ።

በማግስቱ ለብሰውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሰፈሩ አወራ። ነጭ እንዳይባል ነጭ አይደለም፣ ሐዘን እንዳይባል ጥቁር አይደለም። ኣበበች «ይህ ደግሞ ምን ይባላል?» ብትላቸው «የዘሚራ ቀለም» አሏት። እኔ ቀለሙን ወደውት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን እጅ አላዩም፤ ሻሂያቸውን ብቻ ጠጥተው ይሄዱ ነበር። አባቴ ግን ጥቁሩን ወደ ኢብሮ መላኩን አልተወም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥር፣ አንዲት ማኪና እቤታቸው ደጃፍ ቆመች። ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ክፍሉ የሚባል፣ ከሃብተጽዮን ጋር አንድ ቦታ የነበረ ታጋይ ነው። ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በሩን አያለሁ። ብዙም ሳይቆይ ልቅሶው ተነሳ። ኣበበች ባሯን ክፍት ትታ ሮጠች፤ እናቴም ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለቻት። አባቴ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ሳያወጣ እሳቱን አጠፋ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አደይ ዘቢብ መንገዱን ተሻገሩ። ከሳስተዋል። የተዋሱት ጥቁር ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነበር። የዝገቱን ቀሚስ አጣጥፈው ይዘዋል። የአባቴን እጅ አላዩም፤ ፊቱን ነበር የሚያዩት።

«ኢንድሪስ ወደይ፣ ሕጂ» አሉ። አሁን።

አባቴ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ውሃው ምንም አላለም። ቀሚሱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አልለቀቁለትም።

«ክሩስ?»

«ክሩ ምን ሆነ፣ አደይ?»

«ክሩም ይጠቁራል? የሚጠቁር ከሆነ እንዲህ ትቅር። እንዲህ ሆና ትቅር።»

አባቴ አጎንብሶ ስፌቱን አየ። ከዝገቱ ቀለም መካከል ክሩ ነጭ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ጥቁሩም በረኪናውም አልፈውበት ሳይነኩት። «ናይለን ነው» አለ። «የኔን ቀለም አይቀበልም።»

«በርግጥ?»

«ወላሂ፣ አይቀበልም።»

ያኔ ለቀቁት። አባቴ እሳቱን ለኮሰና «ዘሚራ፣ ጨው» ብሎ ጠራኝ። ከዚያ ቀን በኋላ በርሜሉ አጠገብ ሲያስጠጋኝ የመጀመሪያው ነው። ጨዉን ለሦስት ከፍዬ ሰጠሁት። እሱ አማሰለ፣ እኔ አማሰልኩ፣ እሳቸው በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ሲጠቁር እስከ መጨረሻው አዩ። ታጥቦ ጥላ ውስጥ ሲሰቀል ስፌቱ ከአንገት እስከ እግር በነጭ ተጽፎ ወጣ። ደቃቅ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ እኩል እኩል።

አደይ ዘቢብ ተነስተው የታችኛውን እጥፋት ያዙ። «ነዒ» ብለው ጠሩኝ። ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አኖሩ። እዚያ ጋ ስፌቱ ሦስት ጣት ያህል ጠምሞ፣ ደግሞ ወደ መስመሩ ተመልሷል።

«እዚህች ጋ ተቆጥቼው ነበር» አሉኝ። «ፍታና እንደገና ስፋው አልኩት። እሱ ሳቀብኝ። ‹ነጭ በነጭ ላይ ማን ያየዋል፣ ኣደየ?› አለኝ።»

ቀሚሱ እስኪደርቅ ጠበቁ፤ ጓዳችን ገብተው ለብሰውት ወጡ። አባቴ ጥቁር እጁን ለመደበቅ አልሞከረም፤ በሩ ድረስ ሸኛቸው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ መንገዱን ሲሻገሩ አየኋቸው። ያቺ ጠማማ ስፌት ከማዶ ሆና ትታየኝ ነበር።